የአስተርጓሚው የፊት ጥርስ

ዳኛው «መልሰው» ባሉ ቁጥር ችሎቱ ውስጥ ያለ ሰው ፈገግ ይላል። ስሙን መጥራታቸው ይሁን፣ የተባለውን መልሰህ ተናገር ማለታቸው ይሁን አይለይም። እሱ ግን በዚህ ስቆ አያውቅም። ሁለቱንም እንደ ትእዛዝ ይወስድና ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ እጆቹን ከኋላው ያቆላልፋል፤ በኽምጣና የሰማውን በአማርኛ፣ በአማርኛ የሰማውን በኽምጣና ይመልሳል። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ችሎት አስተርጓሚ ሆኖ ሲሠራ ዘንድሮ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው።

የተወለደው ከሰቆጣ ወዲያ ባለችው ዝቋላ ወረዳ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከጽጽቃ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከምትርቅ መንደር። አማርኛ የጀመረው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ቆሞ እንዲያነብ አዘዙትና አንድ ቃል ተጣመመበት። ክፍሉ ሳቀ። ቃሉ ምን እንደነበር ዛሬ አያስታውስም፤ ሳቁን ግን ከየትኛው ወንበር እንደጀመረ ሳይቀር ያስታውሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ቃል ከአፉ ከማውጣቱ በፊት አንዴ በሆዱ ይለዋል። ይህ ፍርሃት ነው ጥሩ አስተርጓሚ ያደረገው። ባለቤቱ እፀገነት ለጎረቤት ስታወራ፣ «ሌላው ሰው ጅብ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፤ የኔው ግን ፊደል ይፈራል» ትላለች።

አምና ሐምሌ ላይ ከገበያ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። አህያ መንገድ ገባች፤ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ የመልሰው አፍ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ከላይ ከፊት ካሉት ሁለት ትልልቅ ጥርሶች የቀኙ ተነቅሎ መዳፉ ላይ ወደቀ። ግራው እስከ ግማሹ ተሰነጠቀ።

ደሙ ሲቆም መስታወት አላየም። በሩን ዘጋና ፊደል ይቆጥር ጀመር። ሀ ደህና ናት። ለ ደህና ናት። ሐ፣ መ ደህና ናቸው። ሠ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ በክፍተቱ ሾልኮ ወጣና ሌላ ፊደል ሆነ። ረን አለፈና ሰን ሞከረ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ያለችውን ሸን ሲላት ደግሞ ምንም አልሆነችም፤ እንደ ድሮዋ ናት። ሁለቱ ጎረቤታሞች ፊደሎች በአፉ ውስጥ አንድ ሆነው ነበር። ፈም ተጎድታለች፤ ግን ፈን የሚመስላት ሌላ ፊደል ስለሌለ ሰው ገምቶ ያውቃታል። ሰን ግን የሚገምትለት የለም።

በማግስቱ ሥራ ገባ። ጉዳዩ የአንዲት ፍየል ክርክር ነበር። ምስክሩ በኽምጣና፣ «ጌታው ሳይኖር ፍየል ለሰው አይሰጥም» አለ። መልሰው መለሰው። የችሎቱ ጸሐፊ ኪዳኑ የሰማውን በኮምፒውተሩ መታ። ቃሉ ተነብቦ ሲሰማ፣ «ጌታው ሳይኖር ፍየል ለሰው አይሸጥም» ይላል።

መልሰው ብድግ አለ። «እንደሱ አላልሁም። አይ...ሰጥም ነው።»

«ሸ ነው እኮ ያልኸው» አለ ኪዳኑ።

«ሸ አላልሁም።»

«አሁንም ሸ አልህ።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ። መልሰው ቃሉን ትቶ እጁን እንደሚያቀብል ሰው ዘረጋ፤ ሳቁ ባሰ። ዳኛው ገባቸውና ቃሉ እንዲታረም አደረጉ። ችሎት ሲነሣ ግን ወደ ቢሯቸው ጠርተው፣ «አቶ መልሰው፣ ፍርድ ቤቱ ነሐሴንና መስከረምን ዝግ ነው። እስከዚያ ይታከሙ። የዛሬው ፍየል ነው፤ ጥቅምት ላይ የሚመጣው መሬት ነው» አሉት።

ከመናኸሪያው በላይ አንዲት የጥርስ ክሊኒክ አለች። ሐኪሟ ዶክተር መክሊት ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ወጣት ናት፤ ስታወራ ትቸኩላለች። አፉን በመብራት አየችና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«የወጣችውን በድልድይ እንተካታለን» አለችው። «ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ዙሪያቸውን እንሞርድና ሦስት ተያይዞ የተሠራ ጥርስ እናለብሳቸዋለን። ዳርና ዳሩ ይሸከማሉ፤ መሃሏ ባዶው ላይ ትቆማለች ማለት ነው።»

«ደህናውን ጥርስ ነው የምትሞርዱት?»

«አዎ። ካልሞረድነው ሽፋኑ የት ይገባል? የተሰነጠቀችውን ደግሞ መጀመሪያ ነርቯን እንገድላታለን።»

«ምኗን?»

«ነርቯን። ከሞተች በኋላ አያምዎትም።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። መልሰው ግን ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማም። ነርቭ ሲባል እሱ የሚያውቀው ጌታሰውን ነው። ጌታሰው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ አንድ ጠዋት ነርቭ መታው ተባለ፤ ግማሽ ፊቱ ወረደ። ዛሬ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሰላም ሲሉት ከከንፈሩ ዳር ምራቅ እንጂ ቃል አይወጣም። ያ ነርቭ በመመታቱ ብቻ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ ልትገድለው ነው።

«መቼ ልምጣ?» አለ፤ ቶሎ ለመውጣት።

«ቁስሉ ይዳን። መስከረም ሲያልቅ ይምጡ።»

መስከረም አለቀ፤ አልሄደም። ሁለት ወር ሙሉ ነጠላውን እስከ አፍንጫው አጣፍቶ ነበር የሚሄደው። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ሰ ያለባቸውን ቃላት እየዘለለ ነው። ሱቅ ገብቶ ስኳር መጠየቅ ቸግሮት በጣቱ ያሳያል። እፀገነት ሐኪም ጋ ሂድ ስትለው ነገ ይላል፤ ነገ ሲደርስ ጥርሱን ሳይሆን ጉንጩን እየዳሰሰ ይቀመጣል። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አልነገራትም። ነርቭ ይገድሉብኛል ብሎ መናገሩ ራሱ ነርቩን የሚጠራው መሰለው።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መዝገቡ እጁ ገባ።

እማ ጥሩአየሁ ሰማንያን ያለፉ የዝቋላ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም። መስከረም የምትባል፣ በድርቅ ዘመን እናትና አባቷን ያጣች ሴት ሰባት ዓመት አብራቸው ኖራ ጦራቸዋለች። ካቻምና በሦስት ሽማግሌዎች ፊት መሬታቸውን ወደሷ አዞሩ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም። አሁን ወልድያ ያደገው የወንድማቸው ልጅ ምንይሉ አክስቱን ከሷል። አክስቴ መሬቱን ሸጣለች፤ የመሬት ሽያጭ በሕግ ክልክል ነው፤ ፈርሶ ለእኔ ለዘመዷ ይወሰንልኝ ይላል። መስከረም ደግሞ ተሰጠኝ እንጂ አልገዛሁም ትላለች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያረፈው እማ ጥሩአየሁ ያን ቀን በሽማግሌ ፊት በተናገሩት አንድ ቃል ላይ ነው። እሳቸው አማርኛ አያውቁም። እሰጣለሁ ብለው ከሆነ መስከረም መሬቱ ላይ ትኖራለች። እሸጣለሁ ብለው ከሆነ ታጣዋለች።

መልሰው መዝገቡን ዘግቶ እንደገና ከፈተው። እሰጣለሁ። እሸጣለሁ። በወረቀት ላይ አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው፤ በእሱ አፍ ውስጥ ግን ምንም አይለያቸውም። ሌላው አስተርጓሚ ወደ ዳህና ከተዛወረ ወዲህ ምትክ አልመጣም። ከሳሽ ጠበቃ አቁሟል፤ ጠበቃ ባለበት ደግሞ እጅ ዘርግቶ ማሳየት ቃል አይሆንም።

ሌላ መላ አሰበ። እሰጣለሁ የሚለውን አስረክባለሁ ቢለውስ? ወይም አወርሳለሁ? በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሞከራቸው። በአፉ ሸ ቢይዙም የሚምታታባቸው ሌላ ቃል ስለሌለ ሰው ገምቶ ያውቃቸዋል። ከዚያ ግን ማውረስ ከሞት በኋላ ነው፤ ማስረከብ ለጠባቂም ይሆናል፤ ሽያጭም ውስጥ ማስረከብ አለ። የገባውም መሐላ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ የሚል ነው። ለጥርሱ ሲል የሴትዮዋን ቃል ሊለውጥ መሆኑን ሲያውቅ ከሚገደለው ነርቭ የበለጠ ይህ አስፈራው።

«እፀገነት» አለ። «ሐኪም ጋ አብረሽኝ ነይ።»

ዶክተር መክሊት ስለ መዘግየቱ ምንም አላለችም። ማደንዘዣውን ወጋችው፤ ትንሽ ቆይቶ የላይኛው ከንፈሩ የራሱ መሆኑ ቀረ። አፍንጫው ጠፋ። መልሰው የእፀገነትን እጅ ጨበጠ።

«ገደላችሁት?»

«ገና ነው፤ አልጀመርሁም» አለች ዶክተሯ።

«እፀገነት፣ ፊቴን እይልኝ። ወርዷል?»

እፀገነት ጎንበስ ብላ አየችው። «እንደ ወትሮው ነው። አስቀያሚ ነው።»

ዶክተሯ መሣሪያዋን ይዛ እስኪያልፍላት ሳቀች። ያኔ ነው እፀገነት ስለ ጌታሰው ያወጣችው፤ ባሏ ሁለት ወር የደበቀውን እሷ ለካ ቀድማ ገምታዋለች። ዶክተሯ መሣሪያውን አስቀመጠች። የጥርስ ነርቭ ከጥርሱ ሥር የማያልፍ ክር መሆኑን፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ መሆኑን በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችው። «መግደል ማለታችን እኛም ጥፋታችን ነው» አለች። «ቃሉን ስንለምደው አስፈሪነቱን ረሳነው።» መልሰው ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ገባው፤ ግን መሞረጃው ሲጮህ ዐይኑን ጨፈነ። የራሱ ጥርስ ዱቄት እየሸተተው፣ ደህናው ጥርሱ እያለቀ መሆኑን እያወቀ ተቀመጠ።

ስትጨርስ ሐምራዊ ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሳ የጥርሱን ልክ ወሰደች። ልኩ በካርቶን ታሽጎ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ ድልድዩ የሚሠራው እዚያ ነው። እስኪመጣ ድረስ በተሞረዱት ላይ የፕላስቲክ ጥርስ አለበሰችው።

«ይህ ጊዜያዊ ነው። የለጠፍሁበትም ደካማ ሲሚንቶ ነው፤ በኋላ እንዲነሣልኝ። ቆሎ እንዳይበሉ። ዋናው በአሥር ቀን ይደርሳል።»

ኪዳኑ ይህን ሲሰማ፣ «ድልድይ፣ ሲሚንቶ፣ ጊዜያዊ... አንተ የሄድኸው ጥርስ ሐኪም ጋ ነው ወይስ መንገድ ሥራ?» አለው።

የችሎቱ ቀጠሮ ጥቅምት ሃያ አራት ነበር። ጥቅምት አሥራ ስምንት መንገዱ ተዘጋ። መልሰው በየቀኑ መናኸሪያ ይሄዳል፤ ከባሕር ዳር የገባ መኪና የለም። በፕላስቲኩ ሰን ይሞክራል። አንዳንዴ ሰ ትወጣለች፤ አንዳንዴ ታፏጫለች፤ ጥርሱ ላላ ያለ ቀን ደግሞ ሸ ትሆናለች። ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን እንጀራ ሲቆርስ ፕላስቲኩ ተነሣ። ዶክተሯ መልሳ ለጠፈችው። «ከዚህ ጠንክሬ ከለጠፍሁት ሥሩን ይዤው ነው የምወጣው» አለችው።

በቀጠሮው ቀን እማ ጥሩአየሁ ከዝቋላ ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘው ገቡ። መስከረም ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ምስክር ስለሆነች ውጭ ቆየች። ምንይሉ ከጠበቃው ጎን ተቀምጧል፤ ስልኩን ያያል። የአባቱን ቋንቋ አያውቅም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የጎጃም ሰው ነው። ያን ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ የአሮጊቷን ቋንቋ የሚሰማ ሰው መልሰው ብቻ ነበር።

«በሽማግሌዎቹ ፊት የተናገሩት ቃል ምን ነበር? እንደተናገሩት ይናገሩ» አሉ ዳኛው።

መልሰው ጥያቄውን በኽምጣና መለሰላቸው። እማ ጥሩአየሁ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ቀና ብለው፣ ሳያመነቱ ተናገሩ።

መልሰው ቃሉን ሰማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስበው ያልመጣበት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸው መጣ። አሮጊቷ እሰጣለሁ አላሉም። መሬቴን ለመስከረም እሸጣለሁ ነው ያሉት።

በሆዱ አንዴ አለው። ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ፈለገ። የለውም።

«መልሰው» አሉ ዳኛው።

«‹መሬቴን ለመስከረም እሸጣለሁ› አልሁ ይላሉ።»

የኪዳኑ ጣቶች መቱ። ኪዳኑ ለመልሰው ጥቅሻ ነገር አሳየው፤ ገብቶኛል ዓይነት። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። «‹መሬቴን ለመስከረም እሰጣለሁ› ብያለሁ፤ በሚል ተይዟል። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

መልሰው እንደቆመ ቀረ። እሱ አልዋሸም። ያለውን ብሏል። ሰዎቹ ናቸው በጥርሱ አመካኝተው የሰሙትን የለወጡት። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። መስከረም መሬቷ ላይ ትኖራለች፤ አሮጊቷ የሚጦራቸው ሰው ቤታቸው ውስጥ እያለ ያርፋሉ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ዝም ማለት ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሚያውቅበት ነገር ነው። እማ ጥሩአየሁ ደግሞ ያዩታል። ቃላቸውን ያስረከቡት ሰው ምን እንዳደረገበት ፊቱ ላይ ሊያነቡ የሚሞክሩ ይመስላሉ። ወንበሩን ያዘ።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደገመው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተያዘው ቃል ልክ አይደለም።»

«ጥርሱ ነው» አለ ኪዳኑ በቀስታ።

«ጥርሴ አይደለም። ሸ ነው ያልሁት።»

ጠበቃው ቀና አለ። ምንይሉ ስልኩን አስቀመጠ።

«የትኛዋ ሸ?» አሉ ዳኛው።

«እንደ ሸማ።»

«እንደ ሰማይ አይደለም?»

«እንደ ሰማይ አይደለም። እንደ ሸማ።»

ኪዳኑ ፊደሏን አጥፍቶ ሌላዋን መታ። የመልሰው ሸሚዝ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ገደልኋት፣ አለ በልቡ፤ አሮጊቷን ነው ወይስ መስከረምን፣ አልለየውም።

«በስንት ነው የሸጡት?» አሉ ዳኛው።

መልሰው መለሰላቸው። እማ ጥሩአየሁ ጥያቄው ያስቆጣቸው መሰሉ። ረጅም ተናገሩ፤ በትራቸውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መቱ። እሱም አንድም ቃል ሳይጥል መለሰ፤ «በሰባት ዓመት ነው የሸጥሁላት። ሰባት ዓመት ውኃዬን ከወንዝ ቀድታለች። ገላዬን አጥባለች። ዐይኔ ሲያመኝ እጄን ይዛ ጠበል አድርሳኛለች። ዋጋዋን ከፍላ ነው የያዘችው። መስጠት ለለማኝ ነው። እሷ ለማኝ አይደለችም፤ ለማኝ ናት የሚል ካለ እዚህ ፊቴ ይበል።»

ሰባት የሚለውን ሲደጋግም ፕላስቲኩ ላልቶ ነበር፤ በምላሱ ደግፎ ነው የጨረሰው። ዳኛው እንዳለ እንዲጻፍ አዘዙና ለፍርድ አሥራ ሁለት ቀን ቀጠሩ።

እነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ለመልሰው ከሁለቱ ወር ይከፉ ነበር። ለእፀገነት እንኳ የሆነውን አልነገራትም። መንገዱ በአራተኛው ቀን ተከፈተ፤ ካርቶኑ ደረሰ። ዶክተሯ ሦስቱን ተያያዥ ጥርሶች አውጥታ በመብራት አሳየችው፤ ከራሱ ጥርስ ቢጫነት ጋር ሳይቀር አመሳስለውታል። ለጠፈችና አስነከሰችው።

«አሁን ይቁጠሩልኝ። ከስልሳ ጀምረው። ሰን የምንፈትነው በሱ ነው።»

«ስልሳ። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት።» እያንዳንዷ ሰ ጥርት ብላ ወጣች። ስልሳ ስድስት ላይ ሲደርስ ቆመ። «እሰጣለሁ» አለ። ደግሞ አለ። «እሰጣለሁ። እሰጣለሁ።»

«ምን?» አለች ዶክተር መክሊት ጓንቷን እያወለቀች።

መልሰው ከወንበሩ ወረደ። ጥርሱ ዛሬ ይችለዋል፤ ቃሉ ግን ያን ቀን ያ አልነበረም።

በፍርዱ ቀን እማ ጥሩአየሁ ከፊት፣ መስከረም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። መስከረም አርባ ዓመት የማይሞላት፣ እጆቿ የተሰነጣጠቁ ሴት ናት፤ መልሰውን ቀና ብላ አላየችውም። ዳኛው አነበቡ። ንግግሩ ሽያጭ የሚል ስለሆነና ሌላ ማስረጃ ስላልቀረበ ስምምነቱ ፈራሽ ነው። ሲፈርስ ግን መሬቱ የሚመለሰው ወደ ባለይዞታዋ ነው፤ ባለይዞታዋ በሕይወት አሉ፤ ስለዚህ ከሳሽ የሚጠይቀው መብት የለውም። ምንይሉ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ወረቀቱን ሰበሰበ።

መልሰው ለአሮጊቷ መለሰላቸው። ፈርሷል፤ መሬቱ የእርስዎ ነው።

«የኔማ መሬቱ ነው» አሉ። «የሷ ሰባት ዓመት ከየት ይመለስላታል? ጠይቃቸው።»

ጠየቃቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ከፍርድ ቤቱ በላይ ነው» አሉና ተነሡ።

አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም። መልሰው ይህን ደንብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ኮሪደሩ ላይ ግን አሮጊቷን ተከተላቸው። አጠገባቸው ሲደርስ ከኋላው ሰው አለመኖሩን ዞር ብሎ አየ።

«እማ፣ አሁን በወረቀት ይደረግ። መሬት አስተዳደር ዛሬውኑ እንሂድ። ግን የስጦታ ውል ነው የሚባለው፤ እዚያ እሰጣለሁ ይበሉ። ሌላውን ቃል ካሉ እንደገና ይፈርሳል። እርስዎ ከሞቱ ደግሞ...»

«ከሞትሁ ያ የወልድያው ይመጣል።»

«አዎ።»

«አንተ በአማርኛ በልልኝ። እኔ ያን ቃል አልለውም።»

«ያላሉትን እኔ ማለት አልችልም።»

እማ ጥሩአየሁ ቀና ብለው አዩትና ጣታቸውን ወደ አፉ ቀሰሩ። «ክፈት እስቲ። እነዚህን ጥርሶች ሰጡህ ወይስ ሸጡልህ?»

«ሸጡልኝ።»

«አየህ፤ ቢሰጡህ ኖሮ ይሄኔ ወልቀው ነበር።» መስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

መሬት አስተዳደር የደረሱት ከምሳ በፊት ነው። ባለሙያው ቅጹን አውጥቶ የአሮጊቷን ስም ጻፈ፣ የማሳውን አዋሳኞች ጠየቀ። መልሰው ይመልሳል። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደዚያ ቃል እየቀረበ ነበር። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጥመዋል። እንቢ ቢሉ ምን ያደርጋል? እሸጣለሁ ቢሉ እንደሰማው መመለስ አለበት። ይህን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያደርግበት አቅም እንደሌለው ያውቃል።

«ተቀባይዋ ምንዎ ናት?» አለ ባለሙያው ከቅጹ ቀና ሳይል። «ዝምድና የሚል ቦታ አለ። ዘመድ፣ ሠራተኛ፣ ልጅ፤ አንዱን ይምረጡ።»

መልሰው ጠየቃቸው።

እማ ጥሩአየሁ መስከረምን ዞረው አዩ፤ እጇን፣ መቀነቷን፣ እግሯን። መስከረም አቀርቅራለች። ከዚያ አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ፤ ትንሽ ቆይተው ሌላ ጨመሩ።

መልሰው በሆዱ አንዴ አለው። በሆዱ ሁለተኛም አለው።

«‹ልጄ ናት› ይላሉ። ‹ለልጅማ ይሰጣል። እሰጣለሁ›።»

ባለሙያው መጻፍ ጀመረ። መልሰው ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ፤ ፊደሏ ከብዕሩ ሥር እስክትወጣ ጠበቀ።